አጎቴ የሞተበት ፊልም

ሰሞኑን ቦሌ አንድ ካሜራ መጠገኛ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ባለሙያው አሮጌ ካሜራ ከፍቶ ካሴት ሲያስገባበት፣ ያ የማውቀው «ዝዝዝ... ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማና ልቤ ድንግጥ አለ። የአባዬ ድምፅ ነው። አባዬ ገርጂ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጽ ነበር፤ ጾም ገብቶ ሠርግ ሲጠፋ ግን እጁ ሥራ እየፈታ ፊልም መሥራት ያምረው ነበር።

አንድ ዐቢይ ጾም የወንጀል ፊልም ጀመረ። ገዳዩ፣ የገደለውን ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ንፍሮው አልበሰለም እያለ ያማርራል። አባዬ ካሜራውን የሚያኝከው አፍ ላይ አስጠግቶ ያቆየውና፣ ሳቃችን ሲመጣ ቀስ አድርጎ ወደ አስከሬኑ ያዞረው ነበር። «ሰው አፉን ለሳቅ ከፍቶ ሳለ ነው የሚደነግጠው» ይል ነበር። አስከሬኑ አብሮን የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ታደለ ነበር፤ ሳቁን መቆጣጠር የማይሆንለት ሰው ስለነበረ በየመሃሉ እየፈነዳ ቀረጻው ሲደገም፣ የሟች ሚስት ሆና የምትጫወተው እማዬ ሰባት ጊዜ እሪ ብላ አለቀሰች።

ሰባተኛው ላይ በሩ ተበረገደ። የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፤ የእድሩ ሰዎችም ድንኳን ተሸክመው ተከተሉ። አጎቴ ከአልጋው ብድግ ብሎ «ኧረ እኔ አልሞትኩም!» ሲል፣ እትዬ ዘነበች የሚባሉት ጎረቤታችን ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሁሉም ውሃ ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ አባዬ የእትዬ ዘነበችን ፊት በቅርብ ይቀርጽ ነበር። ሰፈሩ እስከ ፋሲካ ይህንኑ እያወራ ሲስቅ ከረመ፣ እኔም ስቄአለሁ። እትዬ ዘነበች ግን አልሳቁም።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት አጎቴ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው ተባለ በኋላ። እማዬ እሪ አለች፤ ማንም አልመጣም። ደግማ ስትጮህ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት «ዛሬ ደግሞ በዝናብ ሊቀርጹ ነው?» አለች፣ ሌላዋም ሳቀች። እሪታ ተሰምቶ ጎረቤት የማይደርስበት ቤት አይቼ አላውቅም ነበር። ከአስከሬኑ ይልቅ እሱ አስፈራኝና አለቀስኩ።

አባዬ ራሱን ሳይሸፍን ዝናቡ ውስጥ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። እትዬ ዘነበች በራቸውን ሲከፍቱ ያዩት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር። እሱም ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያቸው።

«እትዬ፣ ካሜራ አልያዝኩም። ወንድሜ ሞቶብኛል።»

«ማርያምን በል!»

«ማርያምን።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከእሱ ቀድመው ሮጡ።

ፊልሙ እንደተጀመረ ቀረ። ጥር ገብቶ የሠርግ ወቅት ሲደርስ አባዬ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ለቅሶ ቅረጽልን ያሉትን ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው እምቢ ይል ነበር።

እኔ አሁን እዚያው ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ያኔ አንዲት እሪታ ሰፈሩን ትሰበስብ ነበር፤ ዛሬ ከየፎቁ የሚሰማው ለቅሶ የቴሌቪዥን ድራማ እየሆነ ማንም ከሶፋው አይነሳም። እኔ ግን እነሳለሁ። ደረጃውን ወጥቼ ሳንኳኳ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ይከፍቱና ይስቁብኛል፣ ይቅርታ ብዬ እመለሳለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስገባ የሰማሁትን ጩኸት ተከትዬ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ ሴት አልሳቀችም፤ ባሏ ከኋላዋ ወለሉ ላይ ተዘርሯል።

«ከጮህኩ እኮ አንድ ሰዓት ሆነኝ» አለችኝ።