ኦዴሳ የደወለችላቸው ወላጆች

ኦዴሳ ፕሩት ሚልዋኪ ውስጥ፣ በሰሜኑ በኩል፣ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። እኔ ከእሷ በታች ያለውን ፎቅ ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይህን ነገር ግማሹን በጣሪያዬ በኩል ሰምቼዋለሁ፤ ግማሹን ራሷ ነግራኛለች።

ልጇ ዛኪያ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ፣ ወላጅ መርጦ የሚያመለክትበት የሕዝብ ትምህርት ቤት በዕጣ ወጣላት። ሰፈርተኛው በበሩ ቀለም «ሰማያዊ በር» ይለዋል። ክፍያ የለውም፤ ግን ወላጅ በዓመት ሠላሳ ሰዓት መጥቶ ሊያግዝ ውል ይፈርማል። ኦዴሳ ሠላሳውን ሰዓት ገና በረዶ ሳይጥል ትጨርሰው ነበር። በሦስተኛው ዓመት የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነች፤ የመጣ ወላጅ የሚፈርምበትን መዝገብም እሷው ያዘች። ያለ ዕጣ የሚገባበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሲነሳ ከንፈሯን ታጣምማለች። «እነዚያ ልጃቸውን በር ላይ ጥለው ይሄዱና፣ ኋላ ልጄ ደነቆረ ብለው ያለቅሳሉ» ትለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትዕቢቷ ያንገሸግሸኝ ነበር።

በየካቲት ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሆልኮምብ ቢሮው አስጠራትና የአሥራ አንድ ወላጆች ስም ሰጣት።

«እነዚህ ውላቸውን አላከበሩም» አላት። «እኔ ስነግራቸው ቁጣ ይመስላል፤ እርስዎ ሲነግሯቸው ግን የእናት ምክር ነው። የማዛወሪያ ቅጽ ፈርመው ልጃቸውን ለሚቀጥለው ዓመት ወደ ሰፈራቸው ትምህርት ቤት በፈቃዳቸው ቢያዛውሩ ይሻላቸዋል ይበሏቸው።»

ኦዴሳ ደስ አላት። ታማኝ ሆኜ ተመረጥኩ ብላ ቤቷ ገባችና፣ መዝገቡን እንኳ ሳትገልጥ፣ ስልኩን አነሳች። ሦስተኛ የደወለችላት ማሪሶል የምትባል፣ በቋሊማ ፋብሪካ በሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ነበረች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ አለቃዬ አይለቀኝም እኮ» አለች ማሪሶል እያለቀሰች።

«ሁላችንም ሥራ አለን» አለቻት ኦዴሳ። «ለልጇ የምታስብ እናት ሰዓት አታጣም።»

ይህችን ንግግር ከወለሉ በታች ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

ሰባተኛው ስም ሚስተር ታርቨር ነበር። ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የልጅ ልጁን ዴልፊንን ብቻውን ያሳድጋል። ኦዴሳ ቃሏን ስትጨርስ ሽማግሌው ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰክረሻል? ባለፈው ቅዳሜ የትምህርት ቤቱን የፈነዳ ቧንቧ ስጠግን ባትሪውን ማን ነበር ያበራልኝ? አንቺው አይደለሽም?»

ኦዴሳ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ደግማ ፈለገች።

«ዴልፊን ሒሳብ ወደቀች። ነገሩ እሱ ነው» አላት። «አልፈርምም። ለላከሽ ሰው ንገሪው።»

መዝገቡን አወጣች። ታርቨር ስልሳ አራት ሰዓት ሠርቷል። ከአሥራ አንዱ አራቱ ውላቸውን ሞልተዋል። የአንድ የጥርስ ሐኪም ሚስት ግን አንድም ቀን አልፈረመችም፤ ስሟም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዛኪያ በትከሻዋ በኩል አየችና «ማሚ፣ የነዚህ ልጆች እኮ ሁሉም ማጠናከሪያ ክፍል የሚገቡት ናቸው» አለቻት።

በማግስቱ ኦዴሳ መዝገቡን ይዛ ቢሮው ገባችና ያየችውን ነገረችው። ሚስተር ሆልኮምብ መንደሪን እየላጠ ነበር። አልካደም።

«የእኛ ልጆች ውጤት የሚያምረው ወላጆቻቸው ስለሚሳተፉ ነው እንላለን። ሰው የሚመርጠንም ለዚያ ነው» አለ፣ እያኘከ። «የዛኪያ ውጤት ደግሞ እንዴት ያምራል! እዚህ በጣም ተመችቷታል፣ አይደል?»

ጣቶቹ ረጥበው ነበር። አንዷን ፍሬ ለእሷ ዘረጋላት። ኦዴሳ ሳትቀበለው ወጣች፤ በረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ተፋች። «ያቺ የመንደሪን ሽታ እስከ ማታ አፍንጫዬን አልለቀቀችኝም» አለችኝ።

ከታርቨር በፊት ላነጋገረቻቸው ስድስት ወላጆች አትፈርሙ ልትል መልሳ ደወለች። ሦስቱ ግን ቀድመው ፈርመዋል። ከሦስቱ አንዷ ማሪሶል ናት።

«ለልጇ የምታስብ እናት አላልሽኝም?» አለቻትና ዘጋችባት።

እነዚያ ልጆች የሚሄዱበትን ለማየት ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያም የባሰ ጠበቃት። ጸሐፊዋ ከመስታወት ጀርባ ሆና ቀና አላለችም፤ ወላጅ ከዚያ አያልፍም። ግድግዳው ላይ የወላጆች ስብሰባ ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ይላል።

«በአራት ሰዓት ማን ከሥራው ይወጣል?» አለች ኦዴሳ።

«ማንም አይመጣም» አለች ጸሐፊዋ። «ስለዚህ ሰዓቱ ምን ለውጥ አለው?»

የሰማያዊ በር የፀደይ ስብሰባ ሲደርስ ኦዴሳ መዝገቡን ይዛ ተነሳች። ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ማን እንደተባረረ አነበበች። ሚስተር ሆልኮምብ ስልኩን ይነካካል። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ተነስታ «በጣም ያሳዝናል፤ ግን ለደካማ ተማሪ ብለን የኛ ልጆች ወደኋላ ይቅሩ?» አለች። ከአዳራሹ ግማሹ አጨበጨበ። አብረዋት ግድግዳ የቀቡ፣ ፓንኬክ የጋገሩ ሴቶች ናቸው ያጨበጨቡት። ታርቨር ኮፍያውን አደረገና «እዚህ ቤት ቧንቧ ዳግመኛ ቢፈነዳ፣ ዋና ልመዱ» ብሎ ወጣ።

ስላልፈረመ ዴልፊንን ማስወጣት አልቻሉም። ሌላም አንድ ወላጅ አልፈረመም፤ የቀሩት ዘጠኙ ልጆች ግን፣ ሆልኮምብ ራሱ እየደወለ ወላጆቻቸውን አስፈርሞ፣ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት የትምህርት ቤቱ ውጤት ከፍ አለ፤ በሩ ላይ «የወላጆች ተሳትፎ ፍሬ» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ።

ኦዴሳ ከኮሚቴው ወጣች። ዛኪያን ግን አላወጣችም። ልጅቷ ጓደኞቼን አልለቅም ብላ አለቀሰች፤ እናትም ተሸነፈች። «ከሆልኮምብ ይበልጥ የምጸየፈው ራሴን ነው» አለችኝ ደረጃው ላይ ተቀምጣ። «ሁሉን አውቄ ልጄን እዚያው አስቀመጥኩ።» አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

አሁን በየወሩ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስብሰባውን ወደ ማታ ለማስዞር አራት ደብዳቤ ጻፈች፤ በአራተኛው ተሳካ። ባለፈው እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሰባት ሰው ነበር፤ ማሪሶልም የፋብሪካ ልብሷን ሳትቀይር መጥታለች። ኦዴሳ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበች። ማሪሶል ቦርሳዋን አነሳችና ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች።