ኦርጋኑና የአባቴ እርም

አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያናችን የገዛነው ሕንፃ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ምእመናኑ አርጅተው ስላለቁ ነው የሸጡልን። ስንረከበው በስተምሥራቅ ያለውን ግድግዳ ሙሉ የያዘ ኦርጋን ቆሞ ጠበቀን፤ የእኛ መቅደስ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ቧንቧዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ፤ ከሥራቸው ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። "ኦርጋን እየመታን ልንቀድስ ነው እንዴ?" ተባለና ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። እስኪነሣ ድረስ በታችኛው አዳራሽ መገልገል ጀመርን።

ቁልፉን ያስረከቡን ሽማግሌ ፈረንጅ ታሪኩን ነገሩኝ። አካባቢው ገና በእርሻ የተከበበ መንደር ሳለ፣ ልጆቹ ጦርነት ሄደው ቀሩ። የመንደሩ ሰዎች ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ ድምፅ ያለው መታሰቢያ ይሁን ብለው ኦርጋኑን አሠሩ። ስሞቹ የሟቾቹ ናቸው። "ዘመድ ቀርቷቸዋል?" ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው የሚያውቁት አንድም የለም።

ይህን ለአባቴ ተረጎምኩላቸው።

አባቴን ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ወታደር ነበር። ወደ ሰሜን ዘምቶ ስልኩ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። አብረውት የነበሩትን አፈላልገን ብንጠይቅ መልሳቸው "እንጃ" ነው። መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰም። ፍትሐት ይደረግለት ብንል ካህኑ "መሞቱ ላልታወቀ ሰው እንዴት ይደረጋል?" አሉን፤ እውነታቸውን ነው። አባቴ ለሕያዋን ሲጸለይ ስሙን ያነሳሉ፤ ለሙታን ሲጸለይም ዝም ማለት አይሆንላቸውም። እንዲህ አንዴ ካሉት፣ አንዴ ከሌሉት ጋር ሲያደርጉት እሑድ ያልፋል። በማን ላይ እንደምቆጣ አላውቅም።

ኦርጋኑ ምን እንደሆነ የሰሙ ቀን ጫማቸውን አውልቀው ሰሌዳው ፊት ቆሙና "አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩ። እያንዳንዱን ስም ከእኔ ተቀብለው ሊሉት ሞከሩ፤ ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው።

"እነዚህስ ታውቆላቸዋል" አሉ በመጨረሻ። "ወላጆቻቸው እርማቸውን አውጥተዋል።"

ሰው ልጁ በሞተበት ሰው ይቀናል? አባቴ ቀኑ።

ኦርጋኑን የሚወስድ ጠፋ። ያልደወልንበት ቦታ፣ ፎቶ ያልላክንለት ሰው የለም። ኮሚቴው ፈርሶ ይውጣ ብሎ ሲወስን አባቴ ስብሰባው መሀል ተነሥተው "የሰው እርም የወጣበትን ነገር በመዶሻ አትነኩም!" ብለው ተቆጡ። በስብሰባ ተናግረው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ሁሉም ደነገጠ። ሌሎች አረጋውያንም ከእሳቸው ጋር ቆሙ፤ ሥራው ሳይጀመር ቆመ። ኮሚቴውም በወጉ መሠረት ሽማግሌ ልኮ ሊያስለምናቸው ተስማማ። ለእኔ ማንም ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሌክውድ ከተማ ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ለመሄድ ጫማዬን ሳስር በር ተንኳኳ። አባቴ ቀድመውኝ ከፈቱ። የኮሚቴው ሊቀ መንበርና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኪዳን ጸሎት በቀጥታ መጥተው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ የአፓርትመንቱ ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ከብዷል፤ ልመና ይዘው መጥተዋላ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እነሱም ስንት ቤት ሄደው መርዶ አርድተዋል። የዚያን ቀን ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ከኦርጋን በቀር ምንም አልነበረም።

አባቴ ቃል እስኪወጣቸው አልጠበቁም። "ልጄን!" ብለው ደረታቸውን መቱና በጉልበታቸው ወደቁ። "ወይኔ ልጄን! ቀባሪ ያጣው ልጄን!" ያን ሁሉ ጊዜ ታምቆ የኖረው ለቅሶ ገነፈለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመጡበትን ረስተው አብረው ያለቅሱ ጀመር። እኔም ጮህኩ። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ "ተገላገልን" ብያለሁ።

ከዚያ የሊቀ መንበሩን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ። "ማን ነገራችሁ? የት ነው የወደቀው?"

"ምኑን?" አለኝ ዐይኑን አፍጥጦ። "እኛ እኮ የኦርጋኑን ነገር ልናናግራቸው ነው። ከሚያፈርሱት ሠራተኞች ጋር ለሰኞ ቀጠሮ ይዘናል።"

ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

አባቴ አጠገብ ተንበረከክኩ። መርዶ ሲነገር አይቻለሁ፤ የተነገረ የመሰለውን መልሶ መንጠቅ ግን እንዴት እንደሆነ ማን ያውቃል?

"አባባ፣ መርዶ አይደለም። ስለ ኦርጋኑ ነው የመጡት።"

"አልሞተም?"

"አልታወቀም፣ አባባ።"

"ተዉኝ እንግዲህ" አሉ፤ "አንዴ ጀምሬያለሁ፣ ላልቅሰው።"

የከለከሏቸው አብረዋቸው ሲያለቅሱ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። "ኧረ ይተዉ ወንድሜ! በሕይወት ሊኖር ለሚችል ሰው? ሟርት ይሆንብዎታል።"

አባቴ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። እንግዶቹን ወንበር ሰጥተው አስቀመጡ፤ እኔንም ሻይ እንዳፈላ አዘዙኝ። ሊቀ መንበሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት።

"አፍርሱት" አሉ። "ሁለተኛ በዚህ ሰዓት ስትመጡ ግን መርዶዬን ይዛችሁ ኑ።"