የሐጂ ይማም ሱቅ ነብር

ልጅ እያለሁ ህንድ ሩቅ አልነበረችም፤ ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ ሐጂ ይማም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። የቀን መቁጠሪያ ናት። አንድ ነጭ ቤተ መንግሥትና አንድ ነብር ጎን ለጎን ታትመውባታል። በአንድ ወረቀት ላይ ስለሆኑ፣ ነብሩ የቤቱ ባለቤት ነው ብለን እኔና የሐጂ ልጅ ሰይድ ተስማምተናል። የማሽላ ጆንያ ላይ ፊጥ ብለን “መኪናችንን” እየነዳን፣ የበርበሬው ሽታ እያስነጠሰን ስናሳድደው እንውላለን። እኔ በቀን ሰባቴ ገድየዋለሁ፤ እሱም በቀን ሰባቴ በልቶኛል።

ዓመቱ ሲያልቅ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን ለበርበሬ መጠቅለያ ሊቀድዱት አወረዱት። እግራቸው ላይ ወደቅን። ትንሽ አሰቡና፣ “እሺ፣ ይሰንብት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ህንድ ሄዶ ነብሩን ያይና ይመሰክራል። ሐሰት ከሆነ ግን በርበሬ እጠቀልልበታለሁ” አሉን።

ዘንድሮ፣ ጸጉሬ ከሸሸ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ህንድ ላከኝ፤ ሲያልቅም አስጎበኙን። ጉብኝት ከተባለ። ቤተ መንግሥቱን ለማየት የቆመው ሰልፍ ቢዘረጋ ከሰቆጣ አምደወርቅ ደርሶ ይመለሳል። ያየሁት የሰው ማጅራትና ወደ ላይ የተዘረጋ ስልክ ነው። ነብሩ ደግሞ ባለቤት ቀርቶ ጎረቤትም አይደለም፤ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ጫካ ውስጥ ይኖራል አሉን። በክፍት መኪና ታጭቀን ሄድን። እኔን የዋጠኝ ነብር ሳይሆን አቧራ ነው። አስጎብኚው አፈር ላይ የነብሩን የእግር ዳና አሳየንና፣ ጠዋት እዚህ ነበር ብሎ ተኩራራ። ለዳና ባህር መሻገር! አበርገሌ ብወርድ የጅቡን ዳና ከነጅቡ ባየሁ።

እንደተመለስኩ ሱቁ ሄድኩ። አሁን የያዘው ሰይድ ነው፤ ሐጂ ዓይናቸው ደክሞ ጥግ ይቀመጣሉ። ነብሩ ጢሙ ገርጥቶ እዚያው አለ።

“አየኸው ወይ?” አሉኝ።

ዕድሜ ልኬን ዝንቡን ዝሆን እያደረግሁ ያወራሁ ሰው፣ ያን ቀን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

“አላየሁትም ሐጂ። እርስዎን አልዋሽም።”

ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞረ። እጁ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ሐጂ ሳቁ።

“ይኼ ልጅ ተወልዶ እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ ዛሬ ሊጀምር ነው? አይቶታል። ተወው ሰይድ፣ ይሰንብት።”

ያኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በቀን ሰባቴ ይበላኝ የነበረውን ነብር፣ ዛሬ ባህር ተሻግሬ ጅራቱን እንኳ አጣሁት። ህንድ ግን እንዳለች ናት፤ ሰቆጣ፣ ከበርበሬው ጆንያ በላይ።