ፕሮጀክተሩና የእኔ ቅናት

ቅናት መሆኑን ያኔም አውቀው ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ «የትምህርት ጥራት ያሳስበኛል» እያልኩ በሻይ ሰዓት እለፈልፍ ነበር። ውሸቴን ነው። አንጀቴ እርር ድብን ብሎ ነው።

ኮሌጃችን መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር፣ ከታች የስፖንጅና የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ካለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቅዳሜና እሁድ የምናስተምራቸው አብዛኞቹ የመርካቶ ነጋዴዎች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲሸጡ ሲለውጡ ሰንብተው እኔ ዘንድ ማርኬቲንግ ሊማሩ ይመጣሉ። ዘጠኝ ዓመት አስተማርኳቸው። አስተማርኳቸው ስል፣ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩላቸው፣ እነሱም ጻፉ ማለቴ ነው። ኖቴ አንድም ቀን ተጓድሎ አያውቅም፤ በዚያ እኮራ ነበር።

ከዚያ እሱ ተቀጠረ። የገዛ ተማሪዬ ነበር፤ ከዓመታት በፊት እዚያው ክፍል ተቀምጦ ኖቴን ሲገለብጥ የኖረ ልጅ። ማስተርሱን ይዞ መጣና ያንኑ ኮርስ ለሌላው ሴክሽን ማስተማር ጀመረ። ኮሌጁ ያለውን አንድ ፕሮጀክተር በየቅዳሜው ከዲኑ ቢሮ ፈርሞ ያወጣና ይዞ ይገባል። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። የእኔ ተማሪዎች «ሰዓቱ አልተመቸኝም» እያሉ ወደ እሱ መዛወር ጀመሩ። የሁለታችን ሰዓት እኮ አንድ ነው! የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። በግድግዳው በኩል ሳቃቸው ይሰማኛል። ቆይ፣ ማርኬቲንግ ውስጥ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

ይባስ ብሎ ዲኑ ሁለታችንንም ጠሩን። ኮሌጁ የርቀት ትምህርት ሊጀምር ስለሆነ የኮርሱን ሞጁል ከሁለታችን አንዳችን እንድናዘጋጅ ተወስኗል አሉን። ሞጁሉን ያዘጋጀ ሰው ኮርሱንም ጠቅልሎ ይይዛል፤ ስሙ ሽፋኑ ላይ ይታተማል። የማን እንደሚሆን በወሩ መጨረሻ ግምገማ ላይ ይለያል። ከልቤ ፈለግኩት። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ኮርስ ትናንት ያስተማርኩት ልጅ ይዞብኝ ሲሄድ ቁጭ ብዬ ላይ? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም!

«ነገሩ ፕሮጀክተር ከሆነማ እኔንስ ማን ከለከለኝ» አልኩና ደብተሬን ጎጃም በረንዳ ሰፈር በኮምፒውተር ለምትጽፍ ልጅ ሰጠኋት። ሙሉውን ኖት፣ አንድ ቃል ሳይቀር፣ ስላይድ ላይ አሰፈረችልኝ። ፊደሎቹ ከግራ እየተንደረደሩ እንዲገቡ አደረገችልኝ፤ እሱን ለብቻው ለምኛት ነው። ቅዳሜ ፕሮጀክተሩን ቀድሜ ፈርሜ ወሰድኩ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ጀመርኩ። ፊደሉ ይንደረደራል፣ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ማንኮራፋት ተሰማ። ፕላስቲክ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንዲት እትዬ እጃቸውን አወጡና፣ «መምህር፣ ይሄን ኮፒ አድርገው ቢሰጡንስ? እኛም በጊዜ ወደ ሱቃችን እንሄድ ነበር» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔም ሳቅሁ፣ ጥርሴን ነክሼ።

መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፕሮጀክተሩ እሱ ጋ ሆኖ፣ መብራቱ ድርግም አለ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። «አሁን እናያለን ጉድህን!» አልኩ በልቤ። ለተማሪዎቼ የሚጽፉትን ሰጥቼ ወጣሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ሲያየኝ ሮጦ ወንበር አመጣልኝ። «መምህሬ፣ በሞቴ ይቀመጡ» አለኝ። ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ።

መጋረጃውን ገለጠና «እሺ፣ የት ደረስን?» አለ፤ በቃ። ያኔ ነው አጠገቤ ያለው ተማሪ የያዘውን ወረቀት ያየሁት። በየገጹ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ታትሟል፤ የቀረው ባዶ ነው። አንዱ «ከሱቅዎ አጠገብ ያው ዕቃ በዚያው ዋጋ ይሸጣል። ደንበኛው ለምን እርስዎ ጋ ይመጣል?» ይላል። ባዶውን ቦታ ተማሪዎቹ ሳምንቱን ሱቃቸው ሆነው፣ ደንበኛቸውን እየጠየቁ ሞልተውት ይመጣሉ። ፕሮጀክተሩም የሚያሳያቸው ያችኑ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ተነስቶ «ደንበኞቼ የሚመለሱት በጠባዬ ነው» ሲል፣ ጎረቤቱ «አትዋሽ፣ ደጅህ ጥላ ስላለው ነው!» አለው። ክፍሉ ተንጫጫ። እሱ የሁለቱንም ሐሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፈና መጽሐፉ የሚለውን ከሥር ጨመረበት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ያነበብኩት ትርጓሜ ነው። ለራሴም የገባኝ ያን ቀን ነው! መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ይህን ያየ መምህር ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔን ግን አቃጠለኝ። ምስጢሩ ማሽን ቢሆን ኖሮ ተበድሬም እገዛው ነበር።

የግምገማው ቀን ደረሰ። እንደ ዘመኑ ደንብ እያንዳንዱ እየተነሳ የራሱንም የባልደረባውንም ድክመት መናገር አለበት። ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ አንጋፋ ነዎት፤ ክፍሉ ገብተውም አይተውታል አሉ። እንዴት ነው አሠራሩ?»

ተነሳሁ። «ልጁ ጎበዝ ነው» አልኩ። «ግን ሥራው ሁሉ ማሽን ላይ የተንጠለጠለ ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዲኑ «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። ተነሳ። «መምህሬ እንዳሉት ነው» አለና ተቀመጠ።

ሞጁሉ ለእኔ ተሰጠ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩበት። «ለምንድነው እውነቱን ያልተናገርከው?» አልኩት፣ እሱ የበደለኝ ይመስል እየተቆጣሁ።

«እንዴ መምህሬ!» አለ፣ ከልቡ ገርሞት። «ያስተማረኝን ሰው በሰው ፊት ዋሽተዋል ልበል?» ትንሽ ወረደና ዞር አለ። «ጥያቄዎቹን በፍላሽ አድርጌ አመጣልዎታለሁ። ተማሪዎቹ ለምደዋቸዋል፤ እንዳይቋረጥባቸው።»

እንዳለውም አመጣልኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ኮሌጅ ገባ። ሞጁሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእሱ ጥያቄዎች ተሠርቶ ታተመ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእኔ ብቻ ነው። በርቀት የተማሩ ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል፣ እጄን ይስማሉ፣ «መምህር፣ እነዚያን ጥያቄዎች እንዴት አሰቧቸው?» ይሉኛል። «ልምድ ነው» እላቸዋለሁ። ሳያውቁት የሚያመሰግኑት እሱን ነው፤ ይህን ስለማውቅ ዛሬም እቀናበታለሁ።