ሰርጌን ሊያስቀር የነበረው መብራት

ሰሞኑን ልጄ ከደሴ ደውሎ፣ "አባባ፣ ዳሽቦርዱን ካሠራሁ ወዲህ የመኪናዬ መብራት አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። የዚያን መካኒክ ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም!" ብሎ ሲማረር ሳቄ መጣ። "ተው፣ ሰው ከማማትህ በፊት አስከፍተህ እየው" አልኩት። ምክሩ ከብልሃት የመጣ አይደለም። በወጣትነቴ፣ እዚሁ ከሚሴ፣ ትዳሬ ከእጄ ሊያመልጥ የነበረው በዚሁ ሰበብ ነው።

ያኔ የአባቴን አሮጌ ፒካፕ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከጨፋ ሮቢት ማሽላ፣ ከባቲ ፍየል እጭናለሁ። ዳሽቦርዱ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ስለነበር መካኒኩ ጋሽ እንድሪስ ግቢያችን መጥቶ ፈታታው፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ክፍቱን አሳድሮ በማግስቱ ገጠመው። ጋሽ እንድሪስ ባዳ አልነበረም። ልጁ ዘሃራ ታጭታልኝ፣ ኒካው አዝመራው እንደገባ ሊታሰር ተቆርጧል።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ አመል አወጣች። አስፋልት ላይ ሰላም ናት። የጨፋን ኮረኮንች ስንጀምር ግን ፊውዝ ይቃጠልና መብራቱም ክላክሱም አብረው ዝም ይላሉ። ፊውዝ ስቀይር ይመለሳሉ፤ ደሞ ኮረኮንች ላይ ያው ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ፣ መብራቱ ድርግም ሲል ከነጭነታችን የማሽላ ማሳ ውስጥ ገባን። አባቴ ወርዶ ቅጠሉን ከትከሻው እያራገፈ፣

"ወላሂ፣ እንድሪስ ሊፈጀን ነው! ለመኪና ያልሆነ እጅ ለዝምድናም አይሆንም። ኒካው ቀርቷል!" አለ።

አባቴ ቁጡ ነው፤ ይባስ ብሎ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ዘሃራን ላጣት ነው ብዬ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ገባኝ፤ መኪናዋ የምትታመመው ስትንገጫገጭ ብቻ ነው። በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ መብራቱን አብርቼ ዳሽቦርዱን በቡጢ ብደልቀው ድርግም አለ። ሮጬ ጋሽ እንድሪስን ጠራሁት። የአባቴን ቃል ሰምቶ ነበር፤ ቢሆንም መጣ።

"ኮቱ፣ ወዲህ ና፣ ካቻቢቴውን አቀብለኝ" አለኝ። አባቴ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል።

ክዳኑ ሲነሳ፣ ከሽቦዎቹ መሃል በነሐስ ቱቦ የታሸገ ክታብ ተንጠልጥሏል። መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ነሐሱ እየተወዛወዘ የተላጠ ሽቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር ያገናኛል።

"ይሄ የማን ነው?" አለ ጋሽ እንድሪስ።

እናቴ ከበሩ ላይ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። "የኔ ነው። ክፍቱን ያደረ ቀን፣ ልጄን ዓይን እንዳያገኘው ብዬ ሸጎጥኩት። ክታብ ካወሩበት አይሠራም ብዬ ዝም አልኩ።"

አባቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ ክታቡን አየና ሳቁ አመለጠው። "እንድሪስ፣ በድዬሃለሁ፤ አፉ በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ። ኒካውስ?"

"ነገም ቢሆን እኔ ምን ገዶኝ!"

ከላዬ ላይ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ጋሽ እንድሪስ የተላጠውን ሽቦ በናስትሮ ጠቀለለ፤ ክታቡንም ከወንበሩ ሥር አሰረልኝ። "ዱዓው ከሽቦ አይጣላም፤ የተጣላው ነሐሱ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ባመማት ቁጥር አባቴ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት፣ "አንቺ፣ የሸጎጥሽው ነገር አለ?" እያለ እናቴን ይጠይቃት ነበር። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ አላህ ይርሐማቸው።

የልጄን ስልክ ስዘጋ ዘሃራ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ልጁ ምን ሆነ?" አለችኝ። ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው ሊሆን ይችል ነበር እኮ። መልስ ከመስጠቴ በፊት፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ።