የአምስተኛ ፎቅ ጋርዴኒያ

በዙቃቅ ብላጥ ሰፈር የእኔን ያህል የሚሰደብ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ። ሥራዬ የጄኔሬተር ገመድ መዘርጋት ነው። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የአለቃዬ የአቡ ረያን ሞተር ይነሳል፤ ከሞተሩ እስከ እያንዳንዱ ቤት ለተዘረጋው ሽቦ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ሞተሩ ሲቆም አቡ ረያንን የሚሰድበው የለም፤ እሱ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ መሰላል ላይ ተሰቅያለሁ።

«አንተ ሃይሰም፣ ከልብስ ማጠቢያዬ ጋር ምን አጣላህ?» ትለኛለች አንዷ ከሰገነቷ።

«በከፈልሽበት ሁለት አምፔር ማጠቢያና ካውያ አንድ ላይ ሰክተሽ እኔ ምን ላድርግሽ? ወጥቼ በእጄ ልጠብልሽ?» እላታለሁ።

እንዲህ እየተነካከስን እንኖራለን። ሰድበውኝ የማያውቁት ሲት ኢንሳፍ ብቻ ናቸው፤ «ሲት» የምንለው እመቤት ለማለት ነው። ስለ እሳቸው መጻፍ ያማረኝም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሲት ኢንሳፍ የአንድ አሮጌ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ በጓሮ በኩል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረዋል። አላገቡም። ጡረታ ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ነው፣ የሥራቸው አነጋገር ግን እስካሁን አልለቀቃቸውም፤ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ኩሽና ሲሄዱ እንኳ «መስመሩን እንዳትዘጋ» ይሉኛል። ድሮ በመስኮታቸው ፀሐይ ትገባ ነበር አሉ። ከጓሮው ባሻገር አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ተገተረና ፀሐይዋ ቀረች። አሁን በቀትር ምስር ለመልቀም መብራት የሚያስፈልግበት ቤት ነው።

በዚህ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ አሥራ ሰባት ተክል የሚያሳድጉት። የራሳቸው አንድም አልነበረም። እኛ አገር ሰው ሲሰደድ ቁልፉን ለዘመዱ፣ ድመቱን ለጎረቤቱ፣ ተክሉን ደግሞ ለማይሄደው ሰው ይሰጣል። በዚያ ሕንፃ የማይሄዱት ሲት ኢንሳፍ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። አንዳንዱ አንኳኩቶ፣ አቅፎና ስሞ ያስረክባቸዋል። አንዳንዱ መሰናበት ይከብደውና በማለዳ በራቸው ሥር አስቀምጦ ይሄዳል። እሳቸው አንስተው ያስገቡና የተተከለበት የዘይት ጣሳ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ «የዶክተር ፋዲ፣ ሞንትሪያል»፣ «የመንትዮቹ፣ ዱባይ»፣ «የጁማና፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ስቶክሆልም»።

«አደራ ነው» ይሉኛል ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ። «ሲመለሱ እጃቸው ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«ማን ነው የሚመለሰው?» አልኳቸው አንድ ቀን። የእኔ አፍ መቼም አያርፍም።

ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ አወጡኝ። አመሻሽ ላይ ነበር፣ የመንግሥት መብራት ገና መምጣቱ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ የአንዱን ክፍል መብራት ሳያጠፋ ይተዋል፤ አለበለዚያ መብራት መምጣቱን በምን ያውቃል? የተሰደዱትም እንደለመዱት ሳያጠፉ ነው የሄዱት። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ሰው የሌለባቸው ቤቶች መስኮት ሁሉ አብሮ ቦግ ይላል።

«አምስተኛ ፎቅ ይታይሃል?» አሉኝ። የጁማና ኩሽና በርቷል። «የማይመለስ ሰው አጥፍቶ ነው የሚሄደው። በል አሁን ዝም በል።»

እንኳን የሰው ተስፋ፣ አምፖልም ስነቅል የምጠነቀቅ ሰው ነኝ።

ከአሥራ ሰባቱ እንቅልፍ የሚነሳቸው የዚችው የጁማና ጋርዴኒያ ነበር። ጋርዴኒያ የሚባለው ነጭ አበባ ቅንጡ ነው፤ ውኃው ትንሽ ካስጠላው ይገረጣል፣ ብርሃን ካነሰው እንቡጡን ያራግፋል። ነገሩ ግን የተክሉ ቅንጦት ብቻ አልነበረም። የጁማና ልጅ ያራ፣ እናቷ ከሥራ እስክትመጣ ድረስ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ሲት ኢንሳፍ ኩሽና ውስጥ ነው የቤት ሥራዋን እየሠራች ያደገችው። ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ ይደውሉ ነበር። ኋላ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ግን ጁማና ደወለች፤ በነሐሴ እንመጣለን አለች።

ሲት ኢንሳፍ የዚያኑ ዕለት እንቡጡን ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ነበር።

«ያራ ስትገባ ፈክቶ ነው የሚጠብቃት» አሉኝ፤ ፊታቸው የሙሽራ እናት ፊት መስሎ።

ይህን ባሉ በሳምንቱ ናፍጣ ጠፋ። አቡ ረያን ከረፋድ እስከ አመሻሽ ሞተሩ ያርፋል ብሎ አወጀ። የመንግሥት መብራት ደግሞ ደስ ሲለው ለአንድ ሰዓት ብቅ ይላል፣ ሲከፋው ጭራሽ አይመጣም። የሲት ኢንሳፍ ቤት ቀኑን ሙሉ ድቅድቅ ሆነ። አንድ ቀን ስገባ በትንሽ ሳህን ሁለት ቢጫ እንቡጥ አስቀምጠው አሳዩኝ።

«ዘጠኝ ቀሩ» አሉ። «ሃይሰም፣ መብራት ስጠኝ።»

«ሲት ኢንሳፍ፣ ፀሐይ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው?»

«የማን ሥራ ነው ታዲያ? ገመድ ያለህ አንተ ነህ።»

ምን ይባላል? ከአክስቴ ልጅ ታክሲ የወጣ ባትሪ ነበረኝ፤ መኪና ማስነሳት ቢያቅተውም መብራት ለመያዝ አያንስም። አንድ የሠርግ አዳራሽ ሳስጌጥ የተረፈኝ የኤልኢዲ አምፖል የተደረደረበት ሪባንም ነበረኝ። የቸገረኝ ሪባኑን የምለጥፍበት ነገር ነው። ሲት ኢንሳፍ ወንበር ላይ ወጥተው ከቁም ሳጥን አናት ላይ ትልቅ ክብ የኪቤ ትሪ አወረዱ። ሥጋና ስንዴ ተቀላቅሎ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚጋገርበት ነው።

«ይሄንንማ አልበሳም» አልኩ።

«ብሳው። ከእንግዲህ ለማን ልጋግርበት?»

በሳሁት። ሪባኑን ከትሪው ሥር እያጠማዘዝኩ ለጠፍኩ፣ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ በሽቦ አንጠልጥዬ ከጋርዴኒያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ሲት ኢንሳፍ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በዚያ ሰሞን አንድም ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

«አሁን ይስሙኝ» አልኩ ካቻቢቴዬን ወደ ኪሴ እየከተትኩ። «ባትሪው ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት። የእርስዎ ሁለት አምፔር ደግሞ ቻርጀሩንና ፍሪጁን አንድ ላይ አይችልም፣ ብሬከሩ ይወድቃል።»

«ፍሪጁን ለእኔ ተወው» አሉ።

ተውኩላቸው። ተራ በተራ ይሰኳቸዋል ብዬ ነዋ።

የሕንፃው ብሬከሮች በሙሉ መግቢያው ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ናቸው። በየቀኑ የአንዱ ወይም የሌላው ይወድቃል፤ ባለቤቱም እየተራገመ ወርዶ ያነሳዋል። የሲት ኢንሳፍም ፍሪጃቸው በተነሳ ቁጥር ይወድቅ ነበር፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ወጥተው ሲያነሱት ስንቴ አይቻለሁ። ባትሪውን ካስገባሁ ወዲህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልወደቀም። በመጀመሪያ እጄ የተባረከ ነው ብዬ ኮራሁ። ኋላ ግን ቆም ብዬ ሳስበው ነገሩ አልጣመኝም። ሳላንኳኳ ቤታቸው ገባሁ ማለት ይቻላል።

ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ፣ በሩ በመጥረጊያ እንጨት ተደግፎ ተከፍቷል። ውስጡ ሙጫ፣ ብጣሽ ወረቀትና ሁለት ወፍራም የስልክ ማውጫ ተደርድሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁም ሳጥን» አሉ፣ ዓይናቸውን ከውኃ ማጠጫው ሳያነሱ።

«ለአበባ ብለው ሊራቡ ነው?»

«ወይራ ፍሪጅ አይፈልግም። ዛታርም ደረቅ ቅመም ነው፣ አይበላሽም። ዳቦ በየቀኑ አለ። ምን ጎደለኝ?»

«ሥጋ! ወተት! ሰው ነው የጎደለዎት፣ ሰው!» ብዬ ጮህኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጋርዴኒያውን ትንሽ አዞሩት፤ ሁሉም ጎኑ ብርሃን እንዲያገኝ በየቀኑ ያዞሩታል።

«ሰው በነሐሴ ይመጣል» አሉ።

አንድ አምፔር ጨምርላቸው ብዬ አቡ ረያንን ብለምነው «ለአበባ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀብኝ።

በነሐሴ ከአሥራ አንዱ እንቡጥ የተረፈው አራት ነበር። ጁማናና ያራ የሚመጡ ዕለት ጠዋት አንዱ ፈነዳ። ሲት ኢንሳፍ ትሪውን ከፍ አድርግልኝ፣ አበባው እንዲታይ ብለው ጠሩኝ። እንግዶቹ ሲገቡ ፒንሳ በእጄ ይዤ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር።

ጁማና ገና ከበሩ እጇን ዘርግታ ተጠመጠመችባቸው። ያራ ቁመቷ እናቷን አልፏል፣ አንዱ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች። ሲት ኢንሳፍ እጇን ይዘው፣ ሌላ ነገር ሳያወሩ፣ በቀጥታ ወደ ጋርዴኒያው ወሰዷት።

«ዋው፣ ያምራል» አለች ያራ፤ ስልኳን አውጥታም ፎቶ አነሳችው።

ጁማና ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አነበበች። «የጁማና? የእኔ ማለት ነው?»

«ጋርዴኒያሽ ነዋ! የሄዳችሁ ለት በሬ ሥር ያስቀመጥሽው።»

ጁማና ሳቀች። ክፋት የለባትም፣ ሳቁ ቀድሟት ነው። «ሲት ኢንሳፍ፣ እኔ እኮ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን ነው ያስቀመጥኩት! ደርቋል ብዬ፣ የቆሻሻ መኪናው እንዲወስደው።»

የቆሻሻ ገንዳው ከሲት ኢንሳፍ በር አንድ እርምጃ ነው። እኔ ራሴ ስንቴ አደናቅፎኛል። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ የትሪውን ሽቦ እንደገና ማጥበቅ ጀመርኩ።

«አዎ» አሉ ሲት ኢንሳፍ ቀስ ብለው። «ገንዳው ቅርብ ነው።»

ጁማና ያኔ ነገሩ የገባት መሰለኝ፤ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «ይሄን ያህል ደክመውበት! ለእርስዎ ይሁን በቃ። ለእኛ አውሮፕላን ላይም አያስገቡልንም። ደግሞም ቤቱን ሸጥነው እኮ፣ ለፊርማ ነው የመጣነው።»

ሲት ኢንሳፍ የሎሚ ጭማቂ አቀረቡ። «በረዶ የለም፣ ይቅርታ» አሉ። እንግዶቹ ለብ ያለውን ጭማቂ በትሕትና ግማሽ ግማሽ ጠጥተው ተነሱ። በጠቅላላው ሃያ ደቂቃ ቢቆዩ ነው። ያራ በሩ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። እሷን እንኳ ልቆጣ ብፈልግ አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ልያቸው ብዬ ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው፤ የመንግሥት መብራት ያን ጊዜ መጣ። የሁለተኛ ፎቅ ባዶ ቤት ቦግ አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው ቦግ አሉ። አምስተኛው ጨለማ ነው።

«አጥፍታ ሄደች» አሉ።

«አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል።»

«ሃይሰም፣ መስመር ሲቋረጥ የማላውቅ መሰለህ?»

ወደ ቤት ገባን። የጁማናን ወረቀት ከጣሳው ላይ በጥፍራቸው እየፈቀፈቁ ሳይቀደድ ላጡት፤ አጣጥፈውም ፍሪጁ ውስጥ፣ የስልክ ማውጫው መሃል ከተቱት።

«ትሪውን ከዚህ አንሳና የዶክተር ፋዲ ፊከስ ላይ ስቀልልኝ» አሉ። «ለአዲስ ዓመት እንመጣለን ብለዋል።»

«ጋርዴኒያውስ? ገና ሦስት እንቡጥ አለው።»

«አሁንማ የእኔ ነው» አሉ። «የእኔ ከሆነ እንደ እኔ ጨለማውን ይልመድ።»

ያ ሪባን በየሦስት አምፖሉ መቁረጫ ምልክት አለው። ትሪውን አወረድኩና እኩሌታውን ቆረጥኩት። ትሪውን ከቀረው ሪባን ጋር የዶክተሩ ፊከስ ላይ ሰቀልኩት። የቆረጥኩትን በአንድ የድስት ክዳን ሥር ለጥፌ፣ ገመድ ቀጥዬ፣ ጋርዴኒያው ላይ መልሼ አንጠለጠልኩት። ለሁለቱም ብርሃኑ ሳሳ፣ ግን ሁለቱም በሩ። ሲት ኢንሳፍ ዞር ብለው አዩና እንዳላዩ ሆነው ወደ ኩሽና ሄዱ።

«መስመሩን እንዳትዘጋ» አሉኝ ከዚያ ሆነው፣ ብርጭቆ እያንኳኩ።

ውጭ ሦስት ቤት እኔንና መሰላሌን እየጠበቀ ነበር፤ አንዷ ስሜን እየጠራች ስትራገም በመስኮቱ ይሰማኛል። መሳሪያዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩ።