አክስቴ ደብሬና ቀድሞ የማየት ጨዋታ

አክስቴ ደብሬ ቁሐር ሚካኤል ውስጥ፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ዙሪያውን በሚከበው ጉብታ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ ትቷት ሌላ አግብቷል። ከሌላይቱም አልወለደም፤ ይህን ግን ለእሷ ክብር ብሎ የሚያነሳላት ሰው አልነበረም። አባቴ አድማሴ ወንድሟ ነው። ብቸኝነቷ ቢያሳዝነው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እኔን ከይፋግ አምጥቶ ሰጣት። በሽማግሌ ፊት ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችኝና የጡት ልጇ ሆንኩ። እናቴ ትስማማ አትስማማ የጠየቃት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሽማግሎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

የፎገራ ክረምት ረጅም ነው። ሐምሌና ነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ሲሞሉት ለቀናት የሰው ድምፅ አንሰማም ነበር። ከብቶቹ ውኃ ወደማይደርስበት ተወስደዋል፤ ጎረቤታችን እናኑ ከማዶ ብትጣራም ዝናቡ ድምፅዋን ይውጠዋል። እቴቴ ጨዋታውን ያመጣችው ያኔ ይመስለኛል። እቴቴ የምላት አክስቴን ነው። አንቺን ለማጫወት ብዬ ነው ትለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ራሷንም ለማጫወት ነው።

ጨዋታው ቀድሞ ማየት ነው። ውኃው የአጥራችንን የትኛውን እንጨት ነካ? ጣሪያው ዛሬ መጀመሪያ በየት በኩል አንጠባጠበ? ክንፍ ያወጣው ምስጥ ከየትኛው ጉድጓድ ወጣ? በሩ ላይ ተቀምጠን እናያለን፤ ቀድማ ያየች "ቀደምሁሽ" ትላለች። ሌላይቱ "አየሁ" ብላ ካላመነች ግን አይቆጠርም። የተሸነፈችው ማታ የአሸናፊዋን እግር ታጥባለች። ብዙ ጊዜ የማሸንፈው እኔ ስለነበርኩ እግሬን የምታጥበኝ እሷ ነበረች። እናኑ ይህን አይታ፣ ትልቅ ሴት ለልጅ ጎንበስ አለች ብላ አገር አዳረሰችው። እቴቴ ሳቀችና ማታውን ውኃውን ለብ አድርጋ አመጣችልኝ።

መስከረም ሲጠባ ጨዋታው ከቤት ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ስንስም፣ ወረታ ገበያ ስንሄድ፣ ዐይናችን አያርፍም። የመጀመሪያዋን አደይ አበባ፣ በጥቅምት የሚመጡትን ሽመላዎች፣ ጭቃው ላይ የሚታየውን የመጀመሪያ ስንጥቅ፣ የሽምብራውን አበባ እንሻማለን። አንዱን ባየን ቁጥር ደስ ይለን ነበር፤ ሜዳው ደረቀ ማለት ሰው ሊመጣልን ነው ማለት ነውና።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት ወባ አገሩን ፈጀው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ጨው ነጋዴው መሐመድሰዒድ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከወረታ መጣ፤ አባቴ የላከው ቃል ነበረው። ሁለቱ ወንድሞቼ በአንድ ወር ውስጥ ሞተዋል። እናቴ እህል አልቀምስም ብላለች። ሜዳው በቅሎ መሸከም ሲችል አባቴ መጥቶ ይወስደኛል። መሐመድሰዒድ ይህን አቀርቅሮ ነገራትና አረፍ እንኳ ሳይል ተመለሰ።

እናኑ፣ የጡት ልጅ አትመለስም ብለሽ ሽማግሌ ጥሪ አለቻት። መብቷም ነበር። እቴቴ ግን ሁለት ልጅ በቀበረች ሴት ላይ ሽማግሌ አላስቀምጥም አለች። ማታ ማታ ስታለቅስ እሰማታለሁ፤ የተኛሁ መስዬ ነው የምሰማት።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ተበላሸ። ሽመላዎቹ እየጮኹ በራሳችን ላይ ሲያልፉ "ቀደምሁሽ" አልኳት። ቀና ብላ እስኪያልፉ አየቻቸውና አላየሁም አለች። ስንጥቁን አሳየኋት፤ የበሬ ኮቴ ነው አለች። ሽምብራው አበበ፤ በገዛ እጇ የዘራችውን ሽምብራ አረም ነው አለችኝ። ተናደድኩና ውሸታም አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ ታልሰኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እጇን አላነሳችም። ያኔ ገባኝ። እሷ ካላየች ሜዳው አልደረቀም፤ ሜዳው ካልደረቀ አባቴ አይመጣም። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት እንዲህ ታስባለች ወይ የሚል ቢኖር፣ አንድ ክረምት እዚያ ጉብታ ላይ ብቻውን ይክረምና ይንገረኝ።

ከዚያ እኔም ማየት ተውኩ። ስንጥቁን ረግጬ፣ አበባውን እንዳላየ ሆኜ አልፋለሁ። ለእሷ ብዬ ነው። እናቴ ግን በሕልሜ ትመጣ ጀመር፤ መልኳን ስለማላውቀው ፊት የላትም።

ኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ሲወጣ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው መጣ፤ ከሐሙሲትም፣ ከወረታም፣ ከይፋግ እንኳ የመጣ ነበር። የማንም እግር ጭቃ አልነካውም። ከቅጥሩ ውጭ በቅሎዎች ታስረዋል። እቴቴ የሰውን እግር አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ዛሬ ምን አየሽ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላየሁም አልኳት። መንገዱ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች።

"በእኔ የተነሳማ ታውረሽ አትቀሪም" አለች።

በማግስቱ አባቴን ሳትጠብቅ ጎህ ሲቀድ ራሷ ይዛኝ ተነሳች። ርብን አዝላኝ ተሻገረች። ቀኑን ሙሉ ስለ ጨዋታው አንዳችንም አላነሳንም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይፋግ ተቃረብን። ከአንድ ቤት አጥር ሥር ፀጉሯን የተላጨች፣ ከል የለበሰች ሴት ቆማለች። መልኳን ባላውቀውም አወቅኋት። እንዳላየ ሆኜ መራመዴን ቀጠልኩ።

"ቀደምሁሽ" አለች እቴቴ። ድምፅዋ ደኅና ነበር። "እናትሽ ያችውና። አየሻት?"

አላየሁም ብላት አይቆጠርም ነበር። ይዛኝ ትመለስ ነበር ብዬ ያኔ አምኛለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ።

"አየሁ" አልኳት።

ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ሂጂ አለችኝ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ሴትየዋ እጇን ስትዘረጋ ግን ሮጥኩ፤ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። እቴቴ ለቅሶ ሳትደርስ፣ ወንድሟን እግዜር ያጽናህ ሳትለው ተመለሰች፤ ለዚህም የይፋግ ሰው ዓመት ሙሉ አማት። እናቴ አንገቴ ሥር አልቅሳ ሲወጣላት ዘወር ብዬ መንገዱን አየሁ። ገና ብዙም አልራቀችም፤ ብጠራት ትሰማኝ ነበር። አልጠራኋትም።